ገተሙን ማን አቆየው?

(በቦንጋ ከተማ በአንድ ግቢ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ጭውውት። ተማሪዋ ባዮሎጂ ታጠናለች፤ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ የምታስገባበት ቀን ደርሶባታል። ጋሼ የምትላቸው አጎቷ ዕድሜያቸውን በካፋ ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል።)

ተማሪ፦ ጋሼ፣ እስቲ ይችን ርዕስ ይስሙልኝ። «የቡና ቅጠል ባክቴሪያ የመግደል አቅም» ትላለች። ከእኔ በፊት ብዙ ልጆች ሠርተውታል። ዘዴው ተጽፎ ተቀምጧል፣ ማጣቀሻም ሞልቷል። በቶሎ ያልቅልኛል።

ጋሼ፦ በቶሎ ስለሚያልቅ ነው የመረጥሽው?

ተማሪ፦ የመውጫ ፈተና አለብኝ እኮ! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እሱን ሳያልፉ መመረቅ የለም። ፈተናው የሚወጣው ከኮርሶቹ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴን ማንም አይጠይቀኝም። ደግሞም ዩኒቨርሲቲያችን አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ገና ልጅ ነው። ትልቅ ምርምር የሚሠራው ጅማ ነው፣ አዲስ አበባ ነው።

ጋሼ፦ ፈተናውን አልቃወምም፤ አጥኚና እለፊ። «ትልቅ ምርምር እዚያ ነው» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ በቦን ዩኒቨርሲቲ የልማት ጥናት ማዕከል በኩል የጫካ ቡና ፕሮጀክት የሚባል ነበር። ስንት የዶክትሬት ተማሪ እዚህ ደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ገባ መሰለሽ! ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በያዩ ደን ላይ ሠራ። ፈይራ ሰንበታ ከአንዱ የቡና ደን ወደ ሌላው እየዞረ ዕፅዋቱን አወዳደረ። ክሪስቲን ሽሚት ደግሞ በ2006 የጨረሰችው የዶክትሬት ሥራዋ በሙሉ ስለ ቦንጋ ደን ነው። ያኔ እነዚህ ሰዎች ላብራቶሪ ብለው የመጡት ወደዚህ ነበር። አንቺ ከዚህ ተነሥተሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?

ተማሪ፦ እነሱ ገንዘብ ነበራቸው፣ መኪና ነበራቸው።

ጋሼ፦ ነበራቸው። ጫካ ከገቡ በኋላ ግን የያዙት ገመድ፣ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ነበር። መሬቱን ይለካሉ፣ በገመድ ይከልላሉ፣ ውስጡ ያለውን ዛፍና ቁጥቋጦ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

ተማሪ፦ ኳድራት ነው እሱ። 20 በ20 ሜትር። ሞጁላችን ላይ አለ።

ጋሼ፦ በይ እንግዲህ፤ ዘዴውማ በእጅሽ ነው።

ተማሪ፦ በእጄ ነው ማለት ያስቸግራል። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ የጋራ ኮርሶች የሚባሉትን አገሩ በሙሉ በአንድ ዓይነት ሞጁል ነው የምንማረው፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ። ሰመራ ያለውም እኔም አንድ ገጽ እናነባለን። የአንትሮፖሎጂውን በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ፤ ግን ከዚህ ግቢ ወጥቼ አንድ ሰው እንኳ ጠይቄበት አላውቅም።

ጋሼ፦ ሞጁሉን አትናቂው። ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ቁጥር እንዴት እንደሚነጻጸር ያላወቀ ሰው ጫካ ቢገባ ሽርሽር ሄዶ እንደመመለስ ነው። እኔ በወጣትነቴ ስንት ያየሁትን ነገር ሳልጽፍ፣ ብጽፍም ሳልለካ አሳልፌዋለሁ። ዛሬ «ድሮ ደኑ እንዲህ ነበር» ብል ማን ይሰማኛል? ቁጥር የለኝማ።

ተማሪ፦ እሺ፣ እነዚያ ተመራማሪዎች ምን አገኙ? ይኼው ቡናችን ቡና ነው፣ ደኑም ደን ነው።

ጋሼ፦ ያገኙትማ ብዙ ነው። አንዱን ልንገርሽ። ገበሬው የጫካ ቡናውን ምርት ለማሳደግ ሐረጉን ይቆርጣል፣ ትንንሹን ዛፍ ይመነጥራል። ቡናው ብርሃን ያገኛል፣ ምርቱ ይጨምራል። ከሩቅ ሆነሽ ስታዪው አሁንም ደን ነው፤ ትልልቁ ዛፍ ቆሟል። ውስጡ ግን የጥቅጥቅ ደን የሆኑት ዕፅዋት እየተመናመኑ በቦታቸው ሌላ እየበቀለ ነው። እኛ ባለሙያዎቹ ደግሞ ገበሬውን «በርታ፣ መንጥር» ስንል ነበር። ምርቱ ብቻ ነበር የሚታየን። ያን ጥናት ሰዎቹ ባይሠሩት ኖሮ ያ ለውጥ ዛሬም በዓይን ግምት ብቻ ይወራ ነበር።

ተማሪ፦ የጄኔቲክስ መምህራችንም ስለ ቡናው ሲያስተምሩ ገርሞኛል። አራቢካ 44 ክሮሞሶም አለው፤ የቀሩት የቡና ዝርያዎች 22 ናቸው። የሮቡስታ ዘርና ዩጌኒዮይደስ የሚባል ሌላ የዱር ቡና ተዳቅለው ነው የተወለደው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዱቄት ስለሚጸንስ፣ በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ቡና ከጥቂት ዛፎች የመጣ የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የተለያየው ዘር የቀረው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ የዚህን ጥቅም በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 ነው ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን የገባው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል። ገበሬው ራሱን ይዞ ቀረ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ መልኮ ያሉት ሰዎች ያኔ ምን አደረጉ? መድኃኒት ፍለጋ ውጭ አልሄዱም። በየጫካውና በየጓሮው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ለቀሙ። 74110፣ 74112 ሲባል የምትሰሚው ቡና ከኢሉባቦር ደን የተመረጠ ነው፤ 74 ያለው የተመረጠበት ዓመት ነው። እነዚያ ዛፎች ጫካ ውስጥ ቆመው ባይጠብቁን ኖሮ መርጦ የሚያወጣ ሰው ከየት ያመጣቸው ነበር?

ተማሪ፦ ይኸውልዎት፣ ይህ ሁሉ ባዮሎጂ ነው። ታዲያ ስመጣ ለምን ነው «ጓደኛሽን ይዘሽ ነይ» ያሉኝ? እሷ ታሪክ ነው የምታጠናው። እኔ በናቹራል ነው የተማርኩት፣ እሷ በሶሻል። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተናል።

ጋሼ፦ የሚያንገበግበኝ ይኸው መለያየታችሁ ነው። ገና አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ላይ «አንቺ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ» ይባላል። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋት ነበር፤ እሱ ይገባኛል። ግን በሰዉ አእምሮ ውስጥ ምን ቀረ? ታሪክ ወይም ቋንቋ የደረሰው ልጅ የተረፈ ተቆጠረ። ጓደኛሽም እንዲያ ሳይሰማት አይቀርም።

ተማሪ፦ ይሰማታል። «እናንተ ቡና ላይ ትሠራላችሁ፤ እኔ ምን ላይ ልሥራ?» ትለኛለች። ስለ መጨረሻው የካፋ ንጉሥ ስለ ጋኪ ሸሮቾ ልትጽፍ ፈልጋ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ስለ መማረኩ የምታውቀውን ሁሉ ጻፈች፤ ከዚያ በላይ መሄድ ስትፈልግ መጽሐፉ ሁሉ ባዕድ ሆነባት።

ጋሼ፦ እውነቷን ነው። ፍሪድሪሽ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1905 ካፋ መጥቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ጻፈ፤ በ1920 እና በ1923 ታተሙ፤ በጀርመንኛ። ከዚህ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ቪየና ናቸው። ኤንሪኮ ቼሩሊ የካፋን ቋንቋ አጥንቶ በ1951 አሳተመ፤ በጣልያንኛ። ቨርነር ላንገ ካፋ የሚገኝበትን የደቡብ ጎንጋ ሕዝቦች ታሪክ በ1982 አወጣ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እነዚያ ሰዎች ሲጽፉ ያነጋገሯቸው የእኛ አያቶች ናቸው። የአያቶቻችን ቃል በሦስት የባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የልጅ ልጆቻቸው አያነቡትም። ጓደኛሽ ጀርመንኛ ብትማር፣ የቢበርን አንድ ምዕራፍ እየተረጎመች ዛሬ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ብታመሳክረው፣ «ይህን በትክክል ሰምቷል፣ ይህን አጥፍቷል» ብትል፣ የማንም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቁጭ ብሎ ያነብላታል። የዕድሜ ልክ ሥራ ነው ይኼ።

ተማሪ፦ ጥሩ። ግን የእሷ የእሷ ነው፣ የእኔ የእኔ። ሁለቱ የት ይገናኛሉ?

ጋሼ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነጭ ማር ከምንድን ነው የሚመጣው?

ተማሪ፦ ከገተም። ቡቶ እንለዋለን እኛ። ክረምት ሳይገባ ያብባል፣ ንቡ ይወርድበታል።

ጋሼ፦ ገተም እንዴት ይበቅላል?

ተማሪ፦ እ... ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይጀምርም። ወፍ ፍሬውን በልታ ሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች፤ እዚያው ግንዱ መሐል ይበቅልና ሥሩን ቁልቁል ይልካል። እያደር ራሱን የቻለ ትልቅ ዛፍ ይሆናል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ያረጀ ዛፍ ከሌለ?

ተማሪ፦ አዲስ ገተም አይኖርም። ወይም በጣም ያንሳል።

ጋሼ፦ ያረጀውን ዛፍ ማን አቆየው? እዚህ ደን ውስጥ ሰው ሳይገባ ቀርቶ አይደለም። ቡና ይለቀምበታል፣ ኮረሪማ ይለቀምበታል፣ ጥምዝ ይሰበሰብበታል፣ እንጨት ይቆረጥበታል። ለዘመናት ሰው የተመላለሰበት ደን ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው እየገባ ገተሙ እንዴት ቆመ?

ተማሪ፦ ኮቦ ሊሉኝ ነው አይደል?

ጋሼ፦ አዎ፣ ኮቦ። በሸካም በእኛም አገር ደኑ ለንብ አናቢው የተከለለ ድርሻ ነበረው። በዚያ ድርሻ ውስጥ ባለው ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ባለቤቱ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሌላውን ኮቦ መንካት ያስጠይቃል። ታዲያ ማሩ የሚመጣው ከገተም ከሆነ፣ ቀፎው የሚሰቀለው በትልቅ ዛፍ ላይ ከሆነ፣ ሰውየው ዛፉን ይቆርጠዋል? በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን ኮቦ በሕግ ፊት ቀረ። በልማድ ግን የቀጠለበት ቦታ አለ፣ የጠፋበትም አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች ቦንጋ ላይ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ጀመሩ፤ ደኑ ለተደራጀ ማኅበር በውል ይሰጥ ጀመር። እንግዲህ ሦስት ዘመን አለሽ፤ የኮቦ ዘመን፣ ባለቤት የሌለው የመሰለበት ዘመን፣ የማኅበር ዘመን። ገተሞቹ በነዚህ ሁሉ መሐል አልፈው ነው የመጡት።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይህ ደስ ይላል፤ ግን አማካሪዬ «ሽማግሌ መጠየቅ ሳይንስ አይደለም» ቢሉኝስ?

ጋሼ፦ ሽማግሌ ስለ ተናገረው ብቻ እውነት ነው አትበይ። እኔም አልልም። ፈትኚው። ኮቦነቱ በሰዎች ዘንድ የሚታወስ ቦታ ምረጪ። ከዚያ በከፍታም በአፈርም የሚመስለውን፣ ኮቦ ያልነበረበትን ሌላ ቦታ ምረጪ። በሁለቱም ኳድራትሽን ዘርጊ። ገተሙን ቁጠሪ፣ ውፍረቱን በደረት ከፍታ ለኪ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የበቀለ ትንሽ ገተም አለ ወይ ብለሽ ወደ ላይ እይ። ልዩነት ካለ ቁጥሩ ይናገራል።

ተማሪ፦ ልዩነት ባይኖርስ?

ጋሼ፦ ባይኖር አልነበረም ብለሽ ጻፊ። እኔ ስለ ወደድኩት እውነት አይሆንም። ምናልባት ገተሙን ያቆየው ኮቦ ሳይሆን የመንገድ አለመኖር ሊሆን ይችላል። እሱም መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም አሁን መንገድ አለ። ቦንጋ የክልል መቀመጫ ሆናለች፣ ከተማው እየሰፋ ነው።

ተማሪ፦ የትኛው ቦታ ኮቦ እንደነበር ግን እኔ እንዴት አውቃለሁ? ያንን ማጣራት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የማን ነበር፣ ከማን ወረሰ፣ መቼ ተወ...

ጋሼ፦ ጓደኛሽን አምጪ ያልኩሽ ለዚያ ነዋ። ያ የታሪክ ሥራ ነው። የሦስት ሰው ቃል እንዴት እንደሚመሳከር፣ አንዱ በክርክር ላይ ያለ መሬት ስላለው ሲያዳላ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እሷ ነው የተማረችው። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ የመጀመሪያው ሰው የነገረሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። እሷም ብቻዋን ብትሄድ «ደኑን ያቆየው ባህላችን ነው» ብላ ትጽፋለች፤ አንድ ዛፍ ሳትቆጥር። ሁለታችሁም ግማሽ ይዛችሁ ትመረቃላችሁ።

ተማሪ፦ (ከትንሽ ዝምታ በኋላ) በካፊ ኖኖ ቋንቋ እሷ ከእኔ ትሻላለች። እኔ ከተማ ነው ያደግኩት።

ጋሼ፦ እሱም አንድ ነገር ነው። ሌላም ልጨምርልሽ፣ ይህን በደንብ ስሚኝ። ስትጠይቁ የማንጃ ሰዎችን እንዳትዘሉ። ማንጆ የሚሉትን። ስንት ዘመን አብሯቸው የማይበላ፣ ቤቱ የማያስገባቸው ኅብረተሰብ ሆነን ነው የኖርነው። ደኑን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አድነውበታል፣ ከሰል አክስለውበታል፣ እንጨት ለቅመው ሸጠውበታል። የባለሙያ ሪፖርት ላይ ስማቸው የሚመጣው ግን «ደን አጥፊ» ተብሎ ነው። በእኔ ዘመን ለእንግዳ ተመራማሪ መንገድ ይመራ የነበረው፣ «ይህ ዛፍ እንዲህ ይባላል» ይል የነበረው ብዙውን ጊዜ ከነሱ ወገን የሆነ ሰው ነው። ሪፖርቱ ሲጻፍ «የአካባቢው ነዋሪ» ተብሎ ይታለፋል። እነሱ ኮቦ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም? የኮቦው ባለቤት ዛፉን ሲጠብቅ እነሱን ከምን ከለከላቸው? ይህን ያልጠየቀ ጥናት ደኑን የጠበቀውን ባህል ያወድሳል፤ ባህሉ ማንን እንደጎዳ ሳያይ።

ተማሪ፦ የአንትሮፖሎጂው ሞጁል ላይ ስለ ተገለሉ ማኅበረሰቦች ክፍል አለ። ስናነበው ስለ ሩቅ አገር ሰዎች የሚያወራ ነበር የሚመስለኝ።

ጋሼ፦ እዚሁ ነው ልጄ።

ተማሪ፦ እሺ፣ ሠራነው እንበል። ከዚያስ? የእኔ ጥናት ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ አበቃ። ቀደም ብለው ያሉኝ የዶክትሬት ሥራዎችም ለሰዉ ምን አመጡለት?

ጋሼ፦ ለሰዉ የመጣ አለ፣ ያልመጣ አለ። ያልመጣውን ልንገርሽ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ የቡና ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ወደ ብዙ አገር ሄደ። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ከኢትዮጵያ ከመጣው ቡና ውስጥ ካፌይን እጅግ ያነሰባቸው ሦስት ተክሎች አገኘን ብለው «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡ። ዓለም ጉድ አለ። እዚህ ደግሞ «የማን ነው?» የሚል ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጣ። ዘሩ ግን ከሄደ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር።

ተማሪ፦ የመጣውስ?

ጋሼ፦ በግ። አትሳቂ! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ አዲዮ ወረዳ ላይ የቦንጋን በግ ለማሻሻል የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፉ የምርምር ተቋም ኢካርዳ ከአርቢዎቹ ጋር የጀመሩት ሥራ አለ። ውጭ አገር በግ አላመጡም። የአርቢውን ግልገል መዘኑ፣ መዘገቡ፤ ስድስት ወር ሲሞላው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ እናቱ መንታ ትወልድ እንደሆነ። ከዚያ ጥሩውን አውራ ማን መረጠው? አርቢዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው። «ቀንዱን አልወደድኩትም፣ ጭራው አያምርም» ይላሉ፣ ተመራማሪው ይጽፋል። የተመረጠው አውራ ለጎረቤት በጎችም ይውላል፤ የተረፈው ወደ ሌላ አካባቢ ይሸጣል። ሥራው በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል፤ ግን ገና ሳይታተም አርቢው ውጤቱን በበረቱ አይቶታል። መሣሪያቸው ሚዛንና መዝገብ ነው።

ተማሪ፦ እንግዲህ የእኛም ውጤት መጀመሪያ ለደኑ ማኅበር ይነገር ማለትዎ ነው?

ጋሼ፦ በካፊ ኖኖ ይነገር። ኳድራት ከዘረጋችሁበት ቀበሌ ሄዳችሁ፣ ሰዉን ሰብስባችሁ፣ «ይህን ያህል ገተም ቆጠርን፣ እዚህ ወጣት ገተም አላገኘንም» በሉት። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው ይበቃል። ንብ አናቢው ወጣት ገተም እንደሌለው ከሰማ ነገ ጠዋት የሚያደርገው ነገር አለ። እኔና አንቺ የማናውቀው ነገር።

ተማሪ፦ ሌላም አሳሰበኝ። በእንግሊዝ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ከታደሰ ወልደማርያም ጋር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ያወጡትን አንብቤያለሁ። የአየር ንብረቱ እንዲህ ከቀጠለ እስከ 2080 የዱር ቡና የሚስማማው ቦታ ቢያንስ በ65 በመቶ ይቀንሳል ይላል፤ ሲከፋ ደግሞ ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ቡናውን ያጠለለው ዛፍ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱን አጣሁት። ገተም ከቡናው ጋር ወደ ላይ ወደ ደጋው ይሸሻል? ዘሩን የሚቀበል ያረጀ ዛፍ እዚያ ይጠብቀዋል?

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፣ ርዕሱን ራስሽ አገኘሽው። ከባክቴሪያው አይሻልም?

ተማሪ፦ ይሻላል። ችግሩ ቅጹ ነው። የጥናት ማስገቢያው ቅጽ ላይ አንድ ዲፓርትመንት ነው የሚጻፈው። ከታሪክ ተማሪ ጋር በጋራ አስገባለሁ ብል አማካሪዬ ራሳቸው የት ብለው ይፈርሙልኛል?

ጋሼ፦ አንድ ጥናት አታስገቡ። ሁለት አስገቡ። ያንቺ «የገተም ብዛትና ትውልድ በሁለት ዓይነት ይዞታ» ይሁን። የሷ «የኮቦ ይዞታ ታሪክ በእንዲህ ያለ ቀበሌ» ይሁን። ቦታዎቹ ግን አንድ ይሁኑ፤ ያንቺ የኳድራት ቁጥር በሷ ጽሑፍ ውስጥ ይገኝ፣ የሷ ባለኮቦዎች ባንቺ ሠንጠረዥ ውስጥ። አንዱን ያነበበ ሌላውን ፍለጋ ይሄዳል።

ተማሪ፦ እኔ እዚያ ስደርስ የትኛው ቦታ ኮቦ እንደነበር አስቀድማ ከነገረችኝ ግን ቆጠራዬ ያዳላል። ሳላውቅ ነው መቁጠር ያለብኝ። ሞጁሉም እንዲህ ይላል።

ጋሼ፦ እሱን እኔ አላሰብኩትም! ትክክል ነሽ። እሷ ቦታዎቹን ትምረጥ፣ በቁጥር ብቻ ትስጥሽ፤ የትኛው ምን እንደሆነ ቆጥረሽ ስትጨርሺ ትክፈትልሽ።

ተማሪ፦ ወደ ላይ ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ለማየት ደግሞ ዛፍ የሚወጣ ሰው ያስፈልገኛል። ከታች ሆኜ የማየው አይበቃም።

ጋሼ፦ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። ሲወጡ እያዩ የሚነግሩሽን ጻፊ፤ ውሎ አበላቸውን ደግሞ በበጀትሽ ላይ አስገቢ፤ በነጻ አታሠሪያቸው። ስማቸውንም፣ እሺ ካሉ፣ በምስጋናው ገጽ ሳይሆን ዘዴው በተጻፈበት ክፍል አስፍሪው፤ ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸውና።

ተማሪ፦ ለጓደኛዬ አሁኑኑ ልደውልላት። ርዕስ ማስገቢያው ዓርብ ነው፤ የእሷም አንድ ቀን ነው መሰለኝ።

ጋሼ፦ ደውዪላት። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ንብ አናቢዎቹ ማር ይዘው ይወርዳሉ። እዚያው እናገኛቸዋለን።